በበረኪና የታጠበ ዜሮ

በመሥሪያ ቤቱ ትክክለኛ ስሟን የሚያስታውሰው የሰው ኃይል ክፍሉ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ ሌላው ሁሉ «ወይዘሮ ምናልባት» ነው የሚላት። አላገባችም፤ ወይዘሮነቱ ለማሾፍ የተጨመረ ነው። ስሙን ያወጡላት የምትጽፈውን ሪፖርት የሚያነቡ ሰዎች ናቸው። ሥራዋ የእንስሳት ክትባት ከመፈቀዱ በፊት ለአካባቢው የማያሰጋ መሆኑን መገምገም ነው፤ በተለይ በዘረ መል ምህንድስና የተሠራውን። እሷ ጋ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ የተዳከመ ቫይረስ ተወስዶ የሌላ ገዳይ በሽታ ቁራጭ የተሰካበት ነው። ነፍስ አለው፤ ዶሮው ውስጥ ይራባል፣ ከዶሮውም ሊወጣ ይችላል። ታዲያ እሷ ከወጣ በኋላ የት ይሄዳል፣ ውጭ ስንት ቀን ይቆያል፣ ማንም ያልከተበው ወፍ ቢያገኘው ምን ይሆናል ብላ ትጠይቃለች። ብዙውን ጊዜ የምታገኘው መልስ ምናልባት ነው፤ ያገኘችውን ትጽፋለች።

ይህን ቃል የሚወድ አለቃ ደግሞ እስካሁን አልተወለደም። አለቃ የሚፈልገው ወይ አዎ ወይ አይ ነው፤ ከሁለቱ አንዱን ይዞ ወደ ላይ መውጣት አለበት። እሷ ግን ሽንጧን ገትራ ትከራከራለች። አስራ ስድስት ዓመት ሙሉ በሦስተኛ ፎቅ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ፣ መስኮቱ የመኪና ማቆሚያውን በሚያይ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ለአንዲት ቃል ጠበቃ ሆና ኖረች ማለት ይቻላል። መደርደሪያዋ ከፋይል ብዛት ጎብጧል። ወንበሯ ላይ ያለውን ትራስ ሰፍተው ያመጡላት አጎቷ ናቸው፤ ስፌቱ ጠማማ ቢሆንም እስካሁን አልተተረተረም።

የእሷ ነገር ከተነሳ አጎቷን መዝለል አይቻልም። አባቷ ሲሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ እናቷ ከዚያም ቀድማ ነው ያለፈችው። አጎቷ ሚስትም ልጅም የሌላቸው የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። እሷን የሚያስጠብቁት ሰው ስላልነበራቸው ከክፍል ክፍል እያስከተሉ አሳደጓት። በር ላይ ያቆሟትና መጀመሪያ ይጠርጋሉ፣ ከዚያ ይወለውላሉ፣ ወለሉ እስኪደርቅ አብረዋት በሩ ላይ ይቆማሉ፤ ሲደርቅ «አሁን ግቢ፣ እናቴ» ይሏታል። ትገባና ወለሉ ላይ በደረቷ ተኝታ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። የበረኪና ሽታ ለሌላው ሰው አፍንጫ የሚያቃጥል ነገር ነው፤ ለእሷ የቤት ሽታ ነው። በልጅነቷ የገባችበት ክፍል ሁሉ ለእሷ ተብሎ አስቀድሞ የታጠበ ነበር። እስክትጎለምስ ድረስ ለሁሉም ልጅ እንዲህ የሚደረግ ይመስላት ነበር።

አጎቷ ጡረታ ሲወጡ ቁጭ ማለት አልሆነላቸውም። በሁለተኛው ወር የጎረቤቶቻቸውን ደረጃ ማጠብ ጀመሩ፤ ጎረቤቶቹ አፍረው በሩን ሲከፍቱ እሳቸው ባልዲያቸውን ይዘው ወደሚቀጥለው ይወጣሉ። እሷ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የዶሮ ምርምር ጣቢያ ሰው እንደሚፈለግ ሰማችና አስቀጠረቻቸው። ከበሩ አጠገብ አንድ ክፍል ተሰጣቸው። ጣቢያው ስድስት የዶሮ ቤቶች አሉት፤ ከቤቶቹ ጀርባ አንድ ረጅም የፍሳሽ ቦይ ይወርዳል፤ ቦዩ የሚያልቀው ሸምበቆ የከበበው ኩሬ ጋ ነው፤ ኩሬው ላይ ዳክዬና ማንም ስማቸውን ያልጠየቃቸው የውሃ ወፎች ይውላሉ። የስድስቱም ቤቶች ቁልፍ ለአጎቷ ሲሰጥ የተሾሙ መሰላቸው።

በዚያው ዓመት ለጣቢያው የንጽሕና መመሪያ የጻፈችው እሷ ነች። ጎብኚ እየመጣ ኩስ ላይ ይራመድና በጫማው ይዞት ይሄድ ነበር፤ ይህ አሳስቧት ነው። አስራ አራተኛው ገጽ ላይ «ማንኛውም ከውጭ የሚመጣ ሰው ከመግባቱ በፊት ቤቱ ይጽዳ፤ የውሃ ገንዳውና ቦዩ በበረኪና ይታጠቡ» የሚል ዓረፍተ ነገር አስገባች። ምንም የማይወጣለት ዓረፍተ ነገር ነው። አጎቷ ያን ገጽ ነጥለው በላስቲክ ሸፈኑና አልጋቸው ራስጌ ሰቀሉት፤ የልጃቸው ጽሑፍ ነዋ።

ከሰባት ዓመት በኋላ የዶሮ በሽታ ገባ። ጠዋት ደህና የነበረች ዶሮ ከሰዓት አንገቷን ጠምዝዛ ትወድቃለች፤ አንድ ሙሉ ቤት በሳምንት ባዶ ይሆናል። አርቢዎች የሞቱትን በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተው መሥሪያ ቤቱ በር ላይ እስከ ማራገፍ ደረሱ። አዲሱ ክትባት የመጣው በዚህ መሃል ነው። ዶሮን ከበሽታው እንደሚያድን ማንም አልተጠራጠረም፤ እሷም አልተጠራጠረችም። የእሷ ጥያቄ ከዶሮዋ ወጥቶ ስለሚሄደው ነበር። ሙከራው በጣቢያው እንዲካሄድ ተወሰነ። ሃያ ስምንት ቀን ሙሉ፣ በየቀኑ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ናሙና ወሳጆች በመኪና እየመጡ ከተከተቡት ዶሮዎች፣ ከጉዝጓዛቸው፣ ከውሃ ገንዳቸው፣ ከቦዩና ቦዩ ኩሬው ውስጥ ከሚገባበት ጭቃ ይወስዳሉ።

አጎቷ እዚያ መሥራታቸው ከነከናት። በጽሑፍ አሳወቀች፤ አለቃዋ ፈገግ ብሎ ፋይሉ ውስጥ አስገባው። ይህ አልበቃትምና አንድ እሑድ አጎቷን ቁጭ አድርጋ ቃል አስገባቻቸው፤ የክትባቱ ፈቃድ እስኪፈረም ድረስ ስለ ጣቢያው አንዲት ነገር እንዳይነግሯት፣ እሷም እንዳትጠይቃቸው። ሥጋ ዘመድ ተመካክሮ ሠራው እንዳይባል ነው። አጎቷ ቃል ከሰጡ ሰጡ ነው። አምስት ወር ሙሉ በየእሑዱ እየመጡ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ጎረቤቷ ድመት፣ ስለ አውቶቡሱ ሹፌር አወሩ፤ ስለ ዶሮ ግን ትንፍሽ አላሉም። እሷም ምላሷ ላይ የመጣውን ጥያቄ እየመለሰች ሻይ ትቀዳላቸዋለች። ይህን ያህል የተጠነቀቀ ሰው በዚያ ሕንፃ ውስጥ ከእሷ ሌላ አልነበረም። ያንን ጥንቃቄዋን ሳስበው እስካሁን እበሳጫለሁ።

ውጤቱ መጣ። ከዶሮዎቹ በጥጥ የተወሰደው ናሙና ክትባቱ ለዘጠኝ ቀን ከዶሮው እንደሚወጣ አሳየ። ጉዝጓዙ ዜሮ። ገንዳው ዜሮ። ቦዩም ጭቃውም ዜሮ። ሃያ ስምንት ረድፍ ከላይ እስከ ታች ዜሮ በዜሮ ነው። ከዶሮው ይወጣል፣ ውጭ ግን አንድ ሌሊት አያድርም ማለት ነው። ሁለት ሳምንት ሰንጠረዡን አገላበጠችው፤ እንዲህ ያለ ንጹሕ ሰንጠረዥ አይታ አታውቅም። የላቦራቶሪውን ማነጻጸሪያ ናሙና አየች፣ ትክክል ነው። የማቀዝቀዣውን የሙቀት መዝገብ፣ የመኪናውን መንገድ፣ የወሳጆቹን ፊርማ አየች፤ ሁሉም ትክክል ነው። ናሙና ወሳጆቹ ከመድረሳቸው በፊት እዚያ ቤት ውስጥ ምን እንደሚደረግ የሚጠይቅ ቦታ ግን ቅጹ ላይ አልነበረም። ቅጹን ያዘጋጀችው ራሷ ነች።

በመጨረሻም በአስራ ስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ «ክትባቱ በአካባቢው ውስጥ አይቆይም» ብላ ጻፈች። ምናልባት የለበትም። አለቃዋ ወረቀቱን ይዞ ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ዞረ። «ወይዘሮ ምናልባት ቆረጠላት» ብሎ አንዱ ቀለደ፤ እሷም አብራ ሳቀች። ያን ቀን አውቶቡሱን ትታ ወደ ቤቷ በእግሯ ሄደች። ደስ ብሏት ነበር። ዕድሜ ልኩን አላውቅም ሲል የኖረ ሰው አንድ ቀን አውቃለሁ ሲል እንዴት ቅልል እንደሚለው የደረሰበት ያውቀዋል።

ፈቃዱ ዓርብ ተፈረመ። ዘመቻው ከዚያ ሰኞ በሳምንቱ ሊጀመር ቀን ተቆረጠለት፤ ጣቢያውን ከከበቡት መንደሮች ተነስቶ ወደ ውጭ እየሰፋ ይሄዳል። እሑድ እንደ ወትሮው አጎቷ መጡ።

«ተፈረመ?» አሉ ገና እግራቸው ሳይገባ።

«ተፈረመ፣ ጋሼ።»

«እንግዲህ አፌን ልፍታው» ብለው ተቀመጡ።

አምስት ወር የታፈነ ወሬ ጎርፍ ሆኖ ወረደ። ቁልፍ ሲከፍቱ ጠብቆ ተረከዛቸውን ስለሚነክሳቸው አውራ ዶሮ ነገሯት። ሰላም ማለት ስለማያውቁት ናሙና ወሳጆች ነገሯት። ኩሬው ላይ ስላለችው ባለ ነጭ ግንባር ወፍ ነገሯት፤ ልጆቿን ጀርባዋ ላይ አሳፍራ ስትዋኝ አይተዋል። እሷ እየሳቀች ሻይ ትቀዳለች። ኩባያውን ስታቀብላቸው እጃቸውን አየች። መዳፋቸው ተልጧል፤ በጣቶቻቸው መሃል ቆዳው ተሰነጣጥቆ ቀይ ሆኗል። ምን ሆነው ነው አለቻቸው።

«ይሄማ ያንቺ ሥራ ነው» አሉ፤ ደረታቸው ተነፋ። «ሃያ ስምንት ቀን አንዷንም አላጓደልኩም። ገና ሳይነጋ እነሳለሁ። ጉዝጓዙን ከሁሉም ቤት አወጣና አዲስ አነጥፋለሁ። ገንዳውን በበረኪና እፈትጋለሁ፣ ቦዩን በበረኪና እስከ ኩሬው አፍ ድረስ አወርደዋለሁ። ሁለት ሰዓት ላይ መኪናው ሲመጣ ያ ወለል ምግብ ይበላበታል። የልጄ ሰዎች ኩስ ላይ ይቁሙ እንዴ?»

ዜሮዎቹ በዓይኗ ፊት ተራ በተራ ወረዱ፤ ያነበበችው ክትባቱ ውጭ መሞቱን አልነበረም፣ የአጎቷን እጅ ነበር። መጠየቅ የቻለችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አሮጌውን ጉዝጓዝ የት ነበር የሚጥሉት፣ ጋሼ?»

«ከኩሬው ጀርባ። ወፎቹ ይወዱታል፣ ሲለቃቅሙበት ነው የሚውሉት።» ከዚያ ፊቷን አዩና ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አጠፋሁ እንዴ?»

«አላጠፉም» አለቻቸው። እውነቷን ነው። ሲሄዱ እስከ አውቶቡሱ ሸኘቻቸውና ተመልሳ አሮጌውን መመሪያ ከመደርደሪያው አወረደች። አስራ አራተኛውን ገጽ ደጋግማ አነበበችው። የሙከራው ስምምነት ላይ ይኸው መመሪያ አባሪ ሆኖ ተያይዟል፤ ያያያዘችውም እሷ ነች፤ ለሙከራው ጊዜ ይህ አይሠራም ብሎ መስመር ያሰመረበት ሰው የለም። ዘመድ እንዳይባል ብላ ካሳደጓት ሰው ጋር ባትዘጋጋ ኖሮ በመጀመሪያው እሑድ ታውቀው ነበር።

ሰኞ ጠዋት በሩ ሳይከፈት አለቃዋ ክፍል ደጃፍ ላይ ቆማ ጠበቀችው። አለቃዋ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይሻላት ነበር። አስቀመጣትና እስከ መጨረሻው ሰማት። ስትጨርስ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸና ክትባቱ መጥፎ ነው ማለቷ እንደሆነ ጠየቃት። እንዳልሆነ ነገረችው።

«ታዲያ ምን እያልሽኝ ነው?»

«አላውቅም ነው የምልዎት። ሪፖርቱ ላይ አውቃለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ፤ አላውቅም።»

«ለማወቅ ስንት ጊዜ ትፈልጊያለሽ?»

አራት ሳምንት አለች። በአራት ሳምንት ውስጥ ስንት ዶሮ እንደሚሞት ታውቂያለሽ ወይ አላት። ታውቃለች። ወደ መስኮቱ ወሰዳትና በሩ ላይ የተራገፉትን ከረጢቶች አሳያት፤ አንዲት ሴት አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ለዚህች ሴት ውረጂና ጠብቂ በያት አላት። እሷ አልወረደችም። ለዚያች ሴት የምትለው ነገር አልነበራትም፣ አሁንም የላትም። ግን አንድ ነገር ለመነችው። ዘመቻው ይቀጥል፤ ክትባቱ ጣቢያው ዙሪያ ያሉት መንደሮች ጋ ከመድረሱ በፊት ግን ከአሮጌው ጉዝጓዝ ክምር፣ ከኩሬውና ከወፎቹ ናሙና ይወሰድ። ክትባቱ አሁን እዚያ ከተገኘ ከሙከራው እንጂ ከሌላ ከየትም ሊመጣ አይችልም፤ ሌላ ቦታ ገና የለምና። ዘመቻው አንዴ ካለፈበት በኋላ ግን ከየት እንደመጣ ማንም መለየት አይችልም። ይህች አንድ ሳምንት ብቻ ነች ያለችን አለችው።

«ጻፊው» አላት። «የፈቃድ ኮሚቴው ይየው።»

ጻፈች። በሕይወቷ እንደዚያ ተጨንቃ የጻፈችው ደብዳቤ የለም። ችግሩ የአጎቷን ስም ሳትጠራ ነገሩን መናገር አለመቻሏ ነበር። ማን አጠበው ቢባል አንድ ሰው ነው፤ ቁልፍ ያለው አንድ ሰው ነው። ብዙ ጊዜ ጀምራ ቀደደችው። በመጨረሻ የጽዳት ሠራተኛው ያደረጉት ሁሉ እኔ በጻፍኩት መመሪያ የታዘዘ ነው፣ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው ብላ ከሥሩ አሰመረችበት። ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። እውነቱን ካልተናገርኩ ዜሮው ዕድሜ ልኩን እውነት ሆኖ ይኖራል ብላ ነው። ጋሼን ማንም አይነካቸውም ብላ ነው። ይህን ሁለተኛውን ለምን እንዳመነችው እሷም አታውቅም።

ማክሰኞ የኮሚቴው ሰብሳቢ የለም ተባለ። ረቡዕ አለ፣ ምልዓተ ጉባኤ ግን አልሞላም። ከፎቅ ፎቅ ላይ ታች እያለች በየክፍሉ ፊርማ ለመነች፤ አንዱ ነገ ተመለሺ ይላታል፣ ሌላው ደብዳቤው በእኔ በኩል አይደለም የሚያልፈው ይላታል። የናሙና ዕቃዋን አዘጋጅታ በሯ አጠገብ አስቀምጣ ነበር፤ ያለ ፈቃድ ላቦራቶሪው አይቀበላትም። ሐሙስ ተሰበሰቡ። ገብታ ተናገረች። ከተናገረችው ሁሉ እነሱ ልብ ያሉት አንድ ነገር ነው፤ ያጠበው ሰው አጎቷ መሆኑን።

«እሑድ እሑድ ቤትሽ ይመጣሉ አይደል?» አላት አንዱ። «አምስት ወር ሙሉ ምንም ሳትሰሚ?»

ቃል ያስገባቻቸው እሷ መሆኗን አስረዳች። ሰውዬው አጠገቡ ያለውን ሰው አየ። በዚያች ቅጽበት አስራ ስድስት ዓመት የገነባችው ስም ሲፈርስ ታያት፤ እሷን ያሳሰባት ግን ዓርብ መምጣቱ ነበር። ስለ ናሙናው ጠየቀች። እናጤነዋለን ተባለች። ሲያጤኑት ቅዳሜ አለፈ፣ እሑድ አለፈ፣ ሰኞ መኪኖቹ የበረዶ ሣጥን ጭነው ወጡ። ናሙና እንድትወስድ የተፈቀደበት ደብዳቤ በዚያው ሳምንት ረቡዕ ደረሳት። ከላይኛው ማዕዘን ላይ «አስቸኳይ» የሚል ማኅተም ተደርጎበታል።

ሄደች። በመንገዱ ዳር ያሉ አርቢዎች የተከተቡ ዶሮዎቻቸውን ግቢያቸው ውስጥ ለቀዋል፤ ዶሮዎቹ በአጥር ሥር ሾልከው ቦዩን ተከትለው እስከ ሸምበቆው ይጭራሉ። ሰዎቹ ደስ ብሏቸዋል፤ ከረጢት መሙላት ይቆምልናል ብለው ነው፣ ደግሞም ቆመላቸው። ይህንን መደበቅ ለሷም ለክትባቱም ፍትሕ አይሆንም። ከጉዝጓዙ ክምር ወሰደች፣ ከጭቃው ወሰደች፣ ወጥመድ ውስጥ ከገቡ አምስት የውሃ ወፎች በጥጥ ወሰደች። ባለ ነጭ ግንባሯም ከአምስቱ አንዷ ነበረች።

በአስረኛው ቀን ውጤቱ መጣ። ጭቃው ውስጥ አለ። ከአምስቱ ወፎች በሦስቱ አለ። ከሙከራው ጊዜ ጀምሮ እዚያው ይኑር፣ ወይም ዘመቻው ከተጀመረበት ሰኞ ወዲህ ከመንደሩ ዶሮዎች ይምጣ፣ የሚለይበት መንገድ የለም። ወፎቹ ጤነኞች ይመስላሉ። ወፎቹ ደግሞ በዝናብ ወቅት ማለቂያ ላይ ተነስተው ይሄዳሉ፤ ወዴት እንደሚሄዱ ጠይቆ ያወቀ ሰው የለም። ይጎዳቸዋል? ይዘውት ሄደው ከሌላ ቫይረስ ጋር ይገናኛል? ምንም ላይሆን ይችላል። እሷ ራሷ ብትወራረድ ምንም አይሆንም በሚለው ላይ ነው የምትወራረደው። መልሱን ለማግኘት ግን የሙከራው ክትባት ብቻ የደረሰበት፣ ዘመቻው ያልነካው ኩሬ ያስፈልጋል፤ ያን የነበረ አንድ ኩሬ እሷ ነች ያባከነችው። ሪፖርቱ ላይ «ምናልባት» ብላ ጻፈች። ድሮ ይህን ቃል ስትጽፍ ገና የሚፈለግ ነገር አለ ማለቷ ነበር። ማንም አልተከራከራትም፤ አለቃዋ አንብቦ እንኳን ሳይጨርስ ፈረመበት።

ደብዳቤዋ ያመጣው ውጤት አንድ ብቻ ነው። በወሩ መጨረሻ ኮሚቴው ውሳኔውን በጽሑፍ አሳወቀ። መመሪያው በኮሚቴው የጸደቀ ስለሆነ እንከን የለበትም፤ የጽዳት ሠራተኛው በሙከራው ወቅት ማጠቡን ለበላይ ባለማሳወቁ ከሥራ ይሰናበታል፤ የተፈጠረውም ጉድለት በዚህ ታርሟል። ሁለት ጊዜ ያሰመረችበትን መስመር ያነበበው የለም። ወይም አንብበውታል።

አጎቷን ልታመጣ ስትሄድ ክፍላቸውን አጥበው፣ አልጋውን አንጥፈው፣ ቁልፎቹን በመስኮቱ ላይ ደርድረው በር ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ዕቃቸው አንድ ሻንጣና አንድ ባልዲ ነው። ባልዲው ውስጥ በላስቲክ የተሸፈነችው ገጽ አለች። በመንገድ ላይ ልትነግራቸው ሞከረች። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ስምዎን የሰጠሁት እኔ ነኝ አለቻቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «ሲያሰናብቱኝ አነበቡልኝ። ጥሩ አድርገሽ ነው የጻፍሽው፣ ውሸት የለበትም።» ቀጥለውም «እኔ እኮ ቆሻሻ ለሰው ይጠቅማል ብዬ አስቤ አላውቅም» አሉ። ከዚያ በኋላ እስከ ቤት ድረስ ስለ አውቶቡሱ ሹፌር አወሩ።

ትንሿን ክፍል ሰጠቻቸው። መጀመሪያ ደረጃውን ያጥባሉ፣ ከዚያ የጎረቤትን ደረጃ ይይዛሉ ብላ ጠብቃ ነበር፤ እንዲያውም ተመኝታ ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ ምንም አልነኩም። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይውላሉ። እጃቸው መዳን ጀምሯል፤ አዲሱ ቆዳ የሕፃን ይመስላል። ባልዲው በሩ ሥር ደረቅ ተቀምጧል። ቤቱ ውስጥ የበረኪና ሽታ የለም፤ ምን እንደጎደላት ለማወቅ እሷ ራሷ ቀናት ፈጀባት።

በሁለተኛው እሑድ ጠዋት ከኩሽና ስትወጣ ግቢው ውስጥ አገኘቻቸው። መጥረጊያ ይዘው ቆመዋል። እግራቸው ሥር ጥቂት የደረቀ ቅጠልና ከጣሪያው ላይ የወረደ የርግብ ኩስ አለ፤ ከዚያ የሚበልጥ ነገር የለም። አልጠረጉም። በር ላይ እንደቆመች ልጅ ሆነው ነው የቆሙት።

«እናቴ» አሏት፤ ድምፃቸው ውስጥ ቅያሜ የሚባል ነገር አልነበረም። «ይሄን ልጥረገው ወይስ ትፈልጊዋለሽ?»

«ይጥረጉት፣ ጋሼ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

አፏን ከፈተች። አዎ ማለት ነበረባት፤ ቅጠል ነው፣ የርግብ ኩስ ነው፣ የገዛ ግቢዋ ነው። ቃሉ ግን አልወጣ አላት።

አጎቷ ጠበቋት። ከዚያ «እንግዲያው ይቆይ» አሉና መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ።